ምዕራፍ ሰባት፦ ከአራዳ ምድር በታች ስለ ተሠወሩት መስመሮችና ስለ ቁፋሮ ጥንቃቄ

ከዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ተነሥቶ፣ የአራዳውን ቅዱስ ጊዮርጊስ ተሳልሞ፣ በፒያሳ በኩል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርድ መንገደኛ ዐይኑን የሚጥለው ከምድር በላይ ባለው ነገር፣ ይኸውም በሕንፃው ፊት፣ በሱቁ መስተዋትና በሚተላለፈው ሕዝብ ላይ ነው እንጂ፣ ከጫማው በታች አንድ ሜትር በማይሞላ ጥልቀት ውስጥ ምን እንደሚፈስስ፣ ምን ዓይነት ኀይል እንደሚመላለስና የስንቱ ሰው ቃል እንደሚያልፍ ማሰብ ልማዱ አይደለም። ነገር ግን አንድ የቀን ሠራተኛ ዲጂኖውን አንሥቶ በዚያው መንገድ ዳር መቆፈር በጀመረ ጊዜ፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ለማንም ያልታየው ነገር ከብረቱ ጫፍ ጋር ይገናኛል፤ ግንኙነቱም በማስተዋል ያልተዘጋጀ እንደ ሆነ፣ ሰፈሩ ውኃ ያጣል፣ ባንኩ ሥራውን ያቆማል፣ ወይም ከሁሉ የከፋው ይደርስና ጧት ከቤቱ በደኅና የወጣ ሰው ማታ ሳይመለስ ይቀራል። ያን የተሠወረ ነገር ሳያውኩና በእርሱም ሳይታወኩ ምድርን እንዴት መክፈት እንደሚቻል መመልከት የዚህ ምዕራፍ ተግባር ነው።

አራዳ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ስፍራ የሆነው በዕድሜው ምክንያት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1880ዎቹ አጋማሽ፣ የምኒልክ አማካሪ የነበረው የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ የሚመነጨውን ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ባወረደው ጊዜ፣ ከተማይቱ ለኑሮዋ የሚያስፈልጋትን ነገር በቱቦና በመስመር ማስመጣት ጀመረች። ቀጥሎ ወደ ሐረር የተዘረጋው የስልክ ሽቦ ግን በእንጨት ምሰሶ ላይ የሚሄድ ነበርና፣ ጠላቱ ምሰሶውን የሚበላው ምስጥና ሽቦውን የሚቈርጠው ሰው እንጂ ዶማ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ የዛሬውን መርካቶ ሲመሠርት የሰፈሩ መልክ ተለወጠ፤ ከነጻነት በኋላም የገፈርሳ፣ ኋላም የለገዳዲ ግድብ ውኃ ወደ ከተማይቱ ሲደርስ፣ በአሮጌው ቧንቧ አጠገብ አዲስ ቧንቧ፣ በአዲሱም አጠገብ ሌላ አዲስ እየተጨመረ፣ የአራዳ አፈር ከዘመን ወደ ዘመን የተደራረበ የዕቃ ግምጃ ቤት ሆነ።

ግምጃ ቤቱ ግን አንድ ዐቃቤ ንዋይ አልተሾመለትም። የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945፣ የመብራት ኀይል ባለሥልጣን በ1948፣ የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በ1963፣ የከተማይቱ መንገዶች ባለሥልጣን በ1990 ዓ.ም. በየዘመናቸው ሲቋቋሙ፣ እያንዳንዱ የራሱን ሀብት የሚያስተዳድር፣ የራሱን ካርታ የሚያስቀምጥና የራሱን ጉድጓድ የሚቆፍር ሆነ። ውጤቱን የአራዳ ሰው በዐይኑ አይቶታል፤ ትናንት ተነጥፎ ያለቀው አስፋልት ዛሬ ለውኃ ይሰነጠቃል፤ ተደፍኖ አፈሩ ሳይጠቀጠቅ ደግሞ ለስልክ ይከፈታል። ሰው ይህን የሚያማው ስለ ገንዘቡ ብክነት ነው፤ ሐሜቱም እውነት ነው። እኔ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚከፋው ሌላው ነው እላለሁ፤ እያንዳንዱ ቆፋሪ ከእርሱ በፊት የተቀመጠውን መስመር ሲያገኘው ጥቂት ገፋ አድርጎ፣ ከሥሩ ወይም ከላዩ የራሱን አሳልፎ፣ የለወጠውን ሳይጽፍ ጉድጓዱን ይደፍናልና፣ ካርታው ለተነሣበት ቀን እንጂ ለማግሥቱ እውነት መሆኑ ይቀራል። የቀረው ዕውቀት በአንድ አሮጌ የቧንቧ ሠራተኛ ራስ ውስጥ ይቀመጥና፣ እርሱ ጡረታ የወጣ ዕለት አብሮት ከመሥሪያ ቤቱ ይወጣል።

በቅርብ ዓመታት የሆነው ነገር ችግሩን ከቀድሞው አጥብቆታል። የከተማው ባቡር ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው መስመሩ በአራዳ በኩል በምድር ውስጥ እንዲያልፍ በተደረገ ጊዜ፣ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ሳይቀር በ2005 ዓ.ም. ከስፍራው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል፤ ለሐውልት ያልተመለሰ ቁፋሮ ለቧንቧና ለገመድ እንደማይመለስ ማንም ያስተውላል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማት ሥራ ፒያሳን ከሥር መሠረቱ ሲገለብጥ፣ እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉት የቆዩ መንደሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ፤ በምሰሶ ላይ ተንዠርግጎ ይታይ የነበረውም የመብራትና የስልክ ገመድ ወደ ምድር ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። ለዐይን መልካም ነው፤ ለመንገደኛም ደግ ነው። ይሁን እንጂ በምሰሶ ላይ ሳለ ማንም ሕፃን «አትንካው» ተብሎ በጣት ሊያመለክተው ይችል የነበረው አደጋ፣ አሁን በንጹሕ የድንጋይ ንጣፍ ሥር ተሸሽጎ ምልክት የሌለው ሆኗል። ከነዋሪዎቹም ጋር የሰፈሩ ትዝታ ሄዷል፤ ቧንቧው በየትኛው ግንብ ሥር እንደሚያልፍ፣ አሮጌው የፍሳሽ ጉድጓድ በየትኛው ዛፍ አጠገብ እንደ ነበረ የሚነግረው ጎረቤት፣ ዛሬ ከፒያሳ ርቆ በሌላ ሰፈር ተቀምጧል።

እንግዲህ የቁፋሮ ጥንቃቄ መጀመሪያው መጠየቅ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ መቃብር የሚቆፍር ሰው፣ ምንም እንኳ ቦታው ባዶ ቢመስለው፣ በዚያ ስፍራ ማን እንዳረፈ ከሚያውቁ አረጋውያን ሳይጠይቅ ዶማውን አያነሣም፤ ለሙታን የምናደርገውን ይህን ጥንቃቄ ለሕያዋን ውኃና መብራት ማድረግ ሊከብደን አይገባም ነበር። ጠያቂው ግን በብዙ ደጅ መቆም አለበት፤ የውኃውንና የፍሳሹን ከውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፣ የመብራቱን ከኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ የስልኩንና የፋይበሩን ከኢትዮ ቴሌኮም፣ የመንገዱን ከመንገዶች ባለሥልጣን መጠየቅና፣ የሚቻል እንደ ሆነ የየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ከስፍራው መጥቶ በእግሩ እየረገጠ እንዲያሳይ መለመን ይኖርበታል። በወረቀት ከሚሰጠው ካርታ ይልቅ የሰውዬው እግር ይታመናል።

ሌሎች አገሮች ይህን ደጅ ማንኳኳት ወደ አንድ በር ለመሰብሰብ የበቁት በደም ዋጋ ነው። በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ከከልቨር ሲቲ አጠገብ፣ ሰኔ 9 ቀን 1968 ዓ.ም. መንገድ ለማስፋት ይቆፍር የነበረ መኪና የነዳጅ ቧንቧ ቢበሳ እሳት ተነሥቶ 9 ሰዎች ሞቱ፤ ከዚያ አደጋ ወዲህ ከቁፋሮ በፊት በመሬቱ ላይ በቀለም ምልክት የማድረግ ሥርዓት ጸና። ቀይ ለመብራት፣ ብርቱካንማ ለስልክ፣ ሰማያዊ ለሚጠጣ ውኃ፣ አረንጓዴ ለፍሳሽ፣ ቢጫ ለጋዝና ለነዳጅ ሲሆን፣ ቆፋሪው ራሱ ሊቆፍር ያሰበውን ስፍራ አስቀድሞ በነጭ ያሰምራል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ አገር ማንም ሰው፣ በጓሮው አጥር ሊተክል የተነሣ ባለቤት እንኳ ቢሆን፣ በ811 ቁጥር ደውሎ ለጥቂት ቀናት ከታገሠ ባለ መስመሮቹ ሁሉ መጥተው ቀለማቸውን ይቀቡለታል። ለእኛ በቧንቧ የሚሄድ የማገዶ ጋዝ በከተማችን ስለሌለ ቢጫው ቢቀርብን፣ የቀሩት ቀለሞች አንዳንድ ጣሳ ቀለም ከመግዛት የሚበልጥ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም።

ከጠየቁ በኋላ ምድሪቱን ከላይ ማንበብ ይከተላል። የማንሆል ክዳን፣ የውኃ ቆጣሪ፣ በቱቦ ተሸፍኖ ከምሰሶ ላይ ወደ መሬት የሚወርድ ገመድ፣ ከሌላው አስፋልት የጠቆረ ቀጥ ያለ የጥገና ጠባሳ፣ በበጋ መካከል በአንድ መስመር ብቻ የለመለመ ሣር፣ እነዚህ ሁሉ በሥራቸው ያለውን የሚመሰክሩ ናቸው። ሁለት የማንሆል ክዳኖች ተያይተው ቢገኙ በመካከላቸው መስመር መኖሩ የሚገመት ነው፤ ቀጥ ብሎ መሄዱ ግን የተረጋገጠ አይደለም። እንደ ራስ መኮንን ድልድይ ባለ የወንዝ መሻገሪያ ዘንድ ደግሞ፣ ሰውም ቧንቧም ገመድም የሚያልፍበት ሌላ መንገድ ስለሚያጣ፣ መስመር ሁሉ ወደ አንድ ጠባብ ስፍራ ይሰበሰባልና ጥንቃቄው እጥፍ ሊሆን ይገባል። የአራዳ ምድር ተዳፋት መሆኑም ይታሰብ፤ መንገድ ሲስተካከል በላይ በኩል አፈሩ ይቈረጣል፣ በታች በኩል ይሞላል፤ ስለዚህም አንድ ሜትር ጠልቆ የተቀበረ ገመድ በአንዱ ወገን ሁለት ሜትር ሲጠልቅ፣ በሌላው ወገን ከንጣፉ ሥር አንድ ስንዝር ላይ ሊገኝ ይችላል። «በዚህ ጥልቀት ምንም የለም» የሚል ሰው በአራዳ አይመን።

ኬብል መፈለጊያ የሚባለው የእጅ መሣሪያ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የሚሰማው በገመዱ ዙሪያ ያለውን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ብቻ ስለሆነ፣ ኀይል ያልተለቀቀበትን ገመድ ሊስተው ይችላል፤ የፕላስቲክ ቧንቧንና የፋይበር መስመርንም፣ የብረት ሽቦ አብሯቸው ካልተቀበረ በቀር፣ ፈጽሞ አያውቃቸውም። የምድር ውስጥ ራዳርም ቢሆን በደረቅ አሸዋ ጥሩ አድርጎ ሲያይ፣ በክረምት ውኃ የጠገበ የሸክላ አፈር ሲያጋጥመው ዐይኑ ይታወራል፤ የአራዳ ቀይ አፈር ደግሞ ሸክላ ነው። መሣሪያው «አለ» ሲል እመነው፤ «የለም» ሲል ግን ገና አልጠየቅህም ማለት ነው።

ስለዚህ የመጨረሻው ምስክር በእጅ የሚቆፈር የመፈተኛ ጉድጓድ ነው። ይህን ሥራ ቀረብ ብሎ መመልከት ይገባል። ካቦው ሊያልፍበት ካሰበው መስመር በአግድም ጠባብ ቦይ ያስቀድዳል፤ በመጀመሪያ ንጣፉ ይነሣል፤ ቀጥሎ ከንጣፉ ሥር የተጠቀጠቀው፣ ሰሌክት የሚባለው ሙሌት፣ እርሱም ዲጂኖ ካልሆነ የማይበግረው፣ ይፈለፈላል። ቀይ አፈሩ ብቅ ሲል ዲጂኖውና ዶማው ከጉድጓዱ ይወጡና አካፋ ብቻ ይቀራል፤ እርሱም በእግር ተረግጦ ቁልቁል አይወጋም፣ በጎን በኩል አፈሩን እየላጨ ይሄዳል። አስተዋይ ሠራተኛ ከዚህ በኋላ የሚፈልገው የቀለም ለውጥ ነው። በአራዳ ቀይ ሸክላ ውስጥ ንጹሕ አሸዋ ራሱን ችሎ አይፈጠርምና፣ በአካፋው አፍ ላይ አሸዋ ከታየ የሰው እጅ ያኖረው ነው፤ ገመድ ወይም ቧንቧ የሚተኛው በአሸዋ ምንጣፍ ላይ ነው። በአሸዋው ላይ የተሰደረ ጡብ ወይም «ተጠንቀቅ» የሚል የፕላስቲክ ሪባን ቢገኝ፣ ከሥሩ ያለው የታወቀ ሆነ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አካፋውም ይቀመጥና በእጅ ይጠረጋል። ሪባን አለመኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ብዙው አሮጌ መስመር ያለ ሪባን የተቀበረ ነውና። በመጨረሻም ገመዱ ጥቁር ጀርባውን ሲያሳይ፣ ካቦው ጥልቀቱንና ከግንቡ ያለውን ርቀት በሜትር ይለካል፤ ያን ልኬት የሚጽፍበት ደብተር በኪሱ የያዘ ካቦ ባገኝ ከመሐንዲሱ ይልቅ እርሱን አከብራለሁ።

መስመሩ በዐይን ከታየ በኋላ ነው ኤክስካቫተር የሚጠራው፤ እርሱም ቢሆን በእንግሊዝ አገር መመሪያ መሠረት፣ መኖሩ ከተመለከተው መስመር ከግማሽ ሜትር ባነሰ ርቀት እንዲቆፍር አይፈቀድለትም። ሥሩ የተቦረቦረ ቧንቧ ወይም ገመድ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ አይተውም፤ በእንጨት ወይም በማሰሪያ ይደገፋል፤ ሠራተኛም መወጣጫ አድርጎ አይረግጠውም።

ስለ መስመር ስናስብ ስለ ጉድጓዱ ግድግዳ መርሳት የተለመደ ጥፋት ነው። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ከ15 ኩንታል የማያንስ ይመዝናል፤ ይህ ክብደት በላዩ የተናደበት ሰው ጭንቅላቱ ከአፈር ውጭ ቢሆን እንኳ ደረቱ ተጨንቆ መተንፈስ ያቅተዋል። በአሜሪካ ሕግ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የደረሰ ቦይ፣ ግድግዳው ጽኑ አለት ካልሆነ በቀር፣ ያለ ድጋፍ ሰው አይገባበትም፤ የወጣውም አፈር ከጉድጓዱ አፍ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ ታዝዟል። በአሮጌ ሰፈር ደግሞ በምንም ካርታ ያልተጻፈ ሌላ ጠንቅ አለ። ቆፋሪው ጎረቤቲቱን፣ «እማማ፣ በዚህ በኩል ቧንቧ ያልፋል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ልጄ፣ ቧንቧውንስ አላውቅም፤ እዚያ ጋ ግን ድሮ ሽንት ቤት ነበር» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል፤ ይህም መልስ ከቧንቧው የማያንስ ዋጋ አለው። አፉ በእንጨትና በአፈር ተደፍኖ የተረሳ የመጸዳጃ ጉድጓድ ከሥር እየከዳ ሰው ይውጣል፤ በውስጡም የተጠራቀመው ጋዝ፣ ለማዳን ተከትሎ የሚገባውን ሁለተኛ ሰው ጭምር ይገድላል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን መስመር ሊመታ ይችላል። የተመታው የመብራት ገመድ እንደ ሆነ፣ በከተማችን ምድር ውስጥ የሚያልፈው 15 ሺህ ቮልት ሊሆን ስለሚችል፣ አደጋው መንካትን የሚጠብቅ አይደለም፤ የብልጭታው ነበልባል ብቻውን ያቃጥላል፤ በዙሪያው ያለውም መሬት ራሱ ኀይል ይይዛል። የኤክስካቫተሩ ሹፌር፣ እሳት ካልተነሣበት በቀር፣ ከወንበሩ ሳይወርድ ይቆይ፤ ሌሎቹ ሁለቱን እግራቸውን አጋጥመው በአጫጭር ዝላይ ይራቁ፤ ሰፊ እርምጃ አንዱን እግር ከሌላው የተለየ ኀይል ላይ ያሳርፋልና። ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905፣ ሰው የተጎዳ ወይም እሳት የተነሣ እንደ ሆነ ወደ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ይደወል። ገመዱ ዝም ማለቱ መሞቱን አያሳይም፤ መስመሩን ከሩቅ የሚቆጣጠረው መሣሪያ እንደገና ኀይል ሊለቅበት ይችላል።

የውኃ ቧንቧ ሲሰበር ሰው የሚያዝነው ለሚፈሰው ውኃ ነው፤ የበለጠው ጉዳት ግን ፍሰቱ ሲቆም ይመጣል። በፈረቃ ውኃ በሚታደልበት ሰፈር፣ ተራው አልፎ ቧንቧው ባዶ በሆነ ጊዜ፣ በስንጥቁ ዙሪያ የተጠራቀመውን ጭቃና ከፍሳሽ መስመር የሚያመልጠውን እድፍ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ በሚቀጥለው ፈረቃም ያ እድፍ ወደ ሰው ማድጋ ይገባል። ፋይበር ሲበጠስ ደግሞ ቦታው ላይ የሚሰማ ድምፅ እንኳ የለም። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በጆርጂያ አገር የመዳብ ቁራጭ ስትፈልግ በአካፋ የቆፈረች የ75 ዓመት አሮጊት አንድ ገመድ ብትቈርጥ፣ ጎረቤቲቱ አርመንያ በሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ ለሰዓታት ከኢንተርኔት ተለየች።

ከመምታት የሚከፋው መሸሸግ ነው። ልጣጩ ብቻ የተጫረ ገመድ ያን ዕለት ይሠራል፤ ክረምቱ ሲገባ ግን ውኃ በጭረቱ ሰርጎ፣ ምናልባትም ከወራት በኋላ፣ ማንም ባልጠረጠረው ሰዓት ይፈነዳል። ካቦው ቅጣት ፈርቶ፣ የቀን ሠራተኛውም እንጀራውን ፈርቶ አፈር መልሶበት ከሆነ፣ አደጋውን የሚቀበለው ከእርሱ በኋላ የሚቆፍረው ምስኪን ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 464 የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ አውታሮችን ደኅንነት በሕግ ይጠብቃል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 857 ደግሞ የመሠረተ ልማት ሥራዎች ተቀናጅተው እንዲካሄዱ አስተባባሪ ኤጀንሲ አቋቁሞ ነበር። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ነገር ግን በፍርሃት የሚጠብቅ ሕግ ብቻውን ሠራተኛውን ወደ ዝምታ ይገፋዋልና፣ የመታውን በዚያው ሰዓት የሚናገር ሠራተኛ ከቅጣት ነጻ የሚሆንበትን ሥርዓት እያንዳንዱ የሥራ ተቋራጭ በገዛ የሥራ ቦታው ቢያቆም፣ ከብዙ የማስፈራሪያ ሰሌዳ የበለጠ ይሠራል።

ከተማይቱም በአሁኑ ጊዜ አዲስ መስመር በአዲስ ቱቦ ስትቀብር፣ ጉድጓዱ ሳይደፈን በፊት ፎቶግራፍ አንሥታ፣ ጥልቀቱንና ስፍራውን ለክታ፣ ለሁሉም መሥሪያ ቤት በሚከፈት በአንድ መዝገብ ብታኖረው ለኋለኛው ትውልድ ትልቅ ውርስ ታቆያለች፤ የተደፈነውን እንደገና የመፈለግ ወጪ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣልና። አንባቢዬ ሆይ፣ አንተም በግቢህ ቧንቧ ስታስገባ ወይም የፍሳሽ ጉድጓድ ስታስቆፍር፣ አፈሩ ከመመለሱ በፊት ከቤቱ ማእዘንና ከአጥሩ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተህ፣ ቀኑን ጨምረህ በወረቀት ጻፈው፤ ወረቀቱንም ከቤትህ ካርታ ጋር አኑረው፤ ቤቱን የሸጥህ ዕለት ለገዢው አብረህ ስጠው።